አንድ ሥር ያለው ውርወራ

አናጢው ዛሬም ወደ ፎቁ ወጥቶ የበረንዳውን መደገፊያ እየነቀነቀ ነው።

ታች ሳሎን ውስጥ ከፔርሙስ ቡና ስትቀዳ የነበረችው የሟቹ ልጅ እጇ አየር ላይ ቀረ። ግድግዳውን ተከትለው የተቀመጡት ለቅሶ ደራሾችም ወሬያቸውን ገታ አድርገው ወደ ኮርኒሱ አንጋጠጡ። እንጨቱ እንዲንቋቋ፣ አንዲት ምስማር እንኳ ሲጥ እንድትል በሆዷ ተማጸነች። ምንም አልተሰማም። ጥቂት ቆይቶ አናጢው ደረጃውን ወረደና በሩ ላይ ቆሞ እጁን በሱሪው ጠረገ።

«ንቅንቅ አይልም» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማው። «በእጄ የሠራሁት ነው። በሬ ቢደገፈው አይበገርም።»

ድምፁ ውስጥ እፎይታ ነበር፤ አይፈረድበትም። ጎረቤቱ ከዚያ በረንዳ ላይ ወድቀው ከሞቱ ወዲህ ሰው «የአናጢው መደገፊያ ነው የገደላቸው» እንዳይል ሲሸበር የሰነበተ ሰው ነው። የእሱ እፎይታ ግን ለእሷ ሌላ መርዶ ሆነባት። መደገፊያው ካልተሰበረ፣ ካልተላወሰ፣ ከፍታውም የሰው ሆድ የሚደርስ ከሆነ፣ አባቷ እንዴት ከላዩ አለፈ?

«ታዲያ እንዴት...» ብላ ጀመረች ከመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠች ሴት። ጎኗ ያለችው በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። የቀረው ወሬ ሹክሹክታ ውስጥ ገባ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሷ ጆሮ ግን በእነዚህ ቀናት ባዳነቱን ትቶ የማይፈልገውን ሁሉ እየለቀመ ያመጣላት ጀምሯል።

«ጡረታ ከወጡ ወዲህ እኮ ከሰው አይገጥሙም ነበር።»

«ዐይናቸውም ከድቷቸዋል አሉ።»

«መነጽር አላደረጉም ነበር፤ አልሰማሽም? አውልቀው ነው የተገኙት። ሰው መነጽሩን አውልቆ...»

ሲኒውን ለሚቀጥለው እንግዳ አቀበለች። ፈርታለች። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ የፈራችው ይህን አንድ ነገር ነው፤ አባቷ ወድቆ ሳይሆን ወዶ ሄዶ እንደሆነ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚሉት ተረት በቀን ስንት ጊዜ ጭንቅላቷ ውስጥ እንደሚመላለስ እሷ ነች የምታውቀው።

እናቷ ከሳሎኑ ጥግ፣ ጥቁር ሻርፕ ተከናንባ ተቀምጣለች። ያን ቀን አናጢው የመውደቁን ድምፅ ሰምቶ በአጥሩ በር ሲገባ ያገኛት የባሏን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር። አልጮኸችም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ቃል አልተነፈሰችም፤ ለሐኪሙም፣ ለፖሊሱም፣ ለልጇም። ቀኝ እጇን ሻርፑ ውስጥ ደብቃ በግራዋ ብቻ የእንግዳ እጅ ትጨብጣለች። ከሚቀርብላት ምግብም ለስም ያህል ቀምሳ ትመልሳለች።

«እንግዲህ እኔ ብያለሁ» አሉ የሟቹ እህት፣ አክስቷ፣ የሾርባ ሳህን ይዘው ከኩሽና እየወጡ። እኚህ ሴት ኀዘንን የሚያሸንፉት በማዘዝ ነው። «ከአንድ ቤት በአንድ ወር ሁለት ሬሳ አላወጣም። ጉልበት የለኝም። ብዪ፣ አፍሽን ክፈቺ።»

እናቷ አንድ ማንኪያ ተቀበለች። ሁለተኛው ላይ ፊቷን አዞረች።

*

አባቷ የሒሳብ መምህር ነበር። ተማሪዎቹ «ጋሼ ይፈለግ» ይሉት ነበር፤ ሰሌዳ ላይ የጻፈው ጥያቄ ሁሉ «ኤክስ ይፈለግ» ብሎ ስለሚያበቃ። እሱም ስሙን ያውቃል፤ ኮሪደር ላይ ከኋላው ሲጠሩት «ተገኘ!» ብሎ ይዞር ነበር። ልጁም እሱ ባስተማረበት ትምህርት ቤት፣ እሱ ባረጀበት ጠረጴዛ ላይ ተተክታ ሒሳብ ታስተምራለች።

ከትምህርቱ ሁሉ የሚወደው ኳድራቲክ እኩልዮሽን ነበር፤ ኤክስ ስኩዌር ያለበትን። ሌላው መምህር ቀመሩን አስሸምድዶ ያልፋል። እሱ ግን ጠመኔውን አስቀምጦ ይቆማል። «ሳታሰላ እይ» ይላል። «መጀመሪያ ከሥር ምልክቱ ውስጥ ያለችውን ቁራጭ እይ። ቢ ስኩዌር ሲቀነስ አራት ኤ ሲ። ዲስክሪሚናንት ይሏታል። እሷ ነች መልሱ ሁለት ይሁን፣ አንድ ይሁን፣ ወይ ጭራሹን አይኑር የምትነግርህ። ፖዘቲቭ ከሆነች ሁለት ሥር። ዜሮ ከሆነች አንድ ሥር። ኔጌቲቭ ከሆነች እውነተኛ ሥር የለም፤ እስክሪብቶህን ክደን። መልስ ለሌለው ጥያቄ ቀለም አትጨርስ።»

ለእሷ ያስተማራት ግን በቃል አልነበረም። ልጅ ሳለች፣ እሱ በረንዳው ላይ ጋዜጣ ሲያነብ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ታች ይረሳል፤ ቁልፍ፣ የጠመኔ ሣጥን፣ ምን የማይረሳው አለ። እናቷ ደረጃ መውጣት ስለሚሰለቻት ግቢው ውስጥ ትቆምና ትወረውርለታለች።

«አየሽ» ብሏት ነበር አንድ ቀን፣ መደገፊያው ላይ ክንዱን አስደግፎ ወደ ታች እናቷን እያየ። «እጄ ያለበት ቦታ መስመር ነው እንበል። በኃይል የወረወርሽው መስመሩን ሁለት ጊዜ ያልፈዋል፤ ሲወጣ አንዴ፣ ሲወርድ አንዴ። ሁለት ሥር። የሰነፍ ውርወራ ደግሞ መንገድ ላይ ደክሞ ይመለሳል። ሥር የለውም። መጥኖ የወረወረ ግን መስመሩን ነክቶ ብቻ ይመለሳል። አንድ ሥር። እናትሽ የምትወረውረው ይህን ነው። ቁልፉ እጄ ዘንድ ሲደርስ ፍጥነቱ ያልቅና ለቅጽበት ይቆማል። መያዝ እንኳ አያስፈልግም፤ እንደ ወፍ ይቀመጥልኛል።»

«ሂድ ወዲያ፣ አትቀባጥር» አለችው እናቷ ከታች፤ ፊቷ ግን በርቶ ነበር።

ከዓመታት በኋላ የእናቷ ትከሻ ታመመ። ክንዷ ከራሷ በላይ አልወጣ ሲል ውርወራው ቀረ። አባቷ የረሳውን ለማምጣት ራሱ እያጉረመረመ ይወርድ ጀመር።

*

ከቀብሩ ማግስት ጠዋት፣ ቤቱ ገና በእንግዳ ሳይሞላ፣ ከመኝታ ክፍሏ መስኮት ወደ ግቢው አየች። የአበባው መደብ ግድግዳውን ታክኮ የተሠራ ነው። አበቦቹ አልተጎዱም። አባቷ የወደቀው እነሱን ተሻግሮ፣ ሲሚንቶው ላይ ነው። ቦታው ታጥቧል፤ መታጠቡ ግን ከሌላው አንጽቶት የባሰ ይታያል።

ሰው ራሱን ከማሰብ መከልከል ቢችል ኖሮ ያን ጠዋት ትከለክል ነበር። ሳትፈልግ አሰላች። የበረንዳውን ከፍታ ታውቀዋለች። ለመውደቂያው ጊዜ እኩልዮሹን አቆመች፤ ሁለት ሥር ወጣላት፣ አንድ ፖዘቲቭ፣ አንድ ኔጌቲቭ። ኔጌቲቩን እንደ ልማዷ ልትጥለው ስትል ሳሳችለት። ጊዜ ወደ ኋላ የሚሄድበት መልስ ነበር። ከዚያ ጣለችውና ከግድግዳው እስከ ወደቀበት ያለውን ርቀት በፖዘቲቩ ጊዜ አካፈለች።

የወጣው ፍጥነት የተንሸራተተ ሰው ፍጥነት አልነበረም። የተንሸራተተ ሰው ከግድግዳው ግርጌ ነው የሚወድቀው። ይህ ወደፊት የተራመደ ሰው ፍጥነት ነበር።

አልጋው ላይ ተቀመጠች። ከጥቂት ሳምንት በፊት እራት ላይ ያለው ነገር ትዝ አላት። ሐኪሙ ዐይኑ ከዚህ በላይ እንደማይድን ነግሮት የመጣ ዕለት ነው። «እንግዲህ እኔም ሥር የሌለኝ እኩልዮሽ ሆንኩ» ብሎ ሳቀ። እሷም አብራው ሳቀች። ዳቦ እየቆረሰች ሳቀች።  ያላስተዋለችው መሰናበቻ ቢሆንስ?

ለማንም አልነገረችም። ፔርሙሱን አነሣችና ወደ ሳሎን ወረደች።

*

የቀድሞ ተማሪዎቹ ተሰብስበው የመጡ ዕለት ቤቱ ትንሽ ሞቅ አለ። ከመካከላቸው ወፈር ያለ ጠበቃ አለ፤ ችሎት ላይ የለመደው ድምፅ ለቅሶ ቤትም አልቀነሰለትም።

«እኔ እኮ» አለ ሲኒውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ «ከእኩልዮሹ ውስጥ ሁልጊዜ ‹ሲ›ን እጥላለሁ። ኤ እና ቢ ከኤክስ ጋር ናቸው፤ ሥራ አላቸው። ሲ ግን መጨረሻ ላይ ብቻዋን ተገትራ! ኤክስ የላት፣ ምን የላት። ምን ታደርጋለች ብዬ ዜሮ አደርጋታለሁ።»

ሰዉ ፈገግ አለ።

«አንድ ቀን ጋሼ ይፈለግ ጠመኔያቸውን ወርውረው ግንባሬን አሉኝ። ‹ጠመኔው ከየት ተነሣ?› አሉ። ‹ከእጅዎ› አልኩ። ‹እጄ የት ነበር? ወለሉ ላይ ነው?› ‹ኧረ ከፍ ብሎ ነበር።› ‹እንግዲያው ሲ ማለት እጄ ነው!› አሉ። ‹ነገሩ ሳይጀመር የነበረበት ቦታ ነው። እሱን ከጣልክ ሌላው ስሌትህ ሁሉ ልክ ሆኖ መልስህ ውሸት ይሆናል።›» ጠበቃው ግንባሩን ዳበሰ። «እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሒሳቡ እስካሁን አልገባኝም። ፍርድ ቤት ግን ምስክር ሳስጠይቅ መጀመሪያ የምለው ይህንኑ ነው። ነገሩ ሳይጀመር የት ነበርክ?»

ሳቁ። አክስቷም እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ። እናቷ ብቻ አንገቷን ደፋች፤ ሻርፑ ውስጥ ያለው እጇ ሲንቀሳቀስ ልጅቷ አየች። የተሰበሰቡትን ሲኒዎች ይዛ ወደ ኩሽና ገባች።

እንግዶቹ ሲወጡ አክስቷ ተከትለዋት ገቡና በሩን ገርበብ አደረጉት። ያ ሁሉ አዛዥነት ከፊታቸው ላይ ጠፍቶ ነበር።

«አንቺ ልጅ» አሉ በሹክሹክታ። «አንቺ የተማርሽ ነሽ። እውነቱን ንገሪኝ። ወንድሜ ተቀይሞን ነው የሄደው?»

«እትዬ፣ ምን እያሉ ነው?»

«ሰው የሚያወራውን አልሰማም መሰለሽ? እኔ ነኝ ያሳደግኩት። አዝዬዋለሁ። ከፍቶት ቢሆን ኖሮ እንዴት ሳላውቅ...» አልጨረሱትም። የልብሳቸውን ኪስ ዳበሱና አንድ ነገር አወጡ። «ይኸው፣ ዛሬ ጠዋት አበባውን ውኃ ሳጠጣ ያገኘሁት። ሰው ፊት ማውጣት ፈርቼ ነው።»

የአባቷ መነጽር የሚቀመጥበት ጠንካራው ማኅደር ነበር። አፈር ይዞታል። ጥጉ ላይ ተላልጧል። ከፈተችው። መነጽሩ ውስጡ ነው፤ ደህና ነው፤ ብርጭቆዎቹ ጥርት ብለው ተወልውለዋል።

«አየሽ» አሉ አክስቷ፣ ድምፃቸው እየሰለለ። «አውልቆ፣ ማኅደሩ ውስጥ ከትቶ፣ ዘግቶ... ሰው እንዲህ የሚሰናዳው መቼ ነው?»

ልጅቷ ማኅደሩን ዘጋችው፤ ከፈተችው፤ እንደገና ዘጋችው። አባቷ በሕይወቱ መነጽሩን ወልውሎ አያውቅም። ጭጋግ በመሰለ መነጽር ነበር ዓለምን የሚያየው። የምትወለውልለት እናቷ ነች፤ ጠዋት ጠዋት ትንፋሿን እፍ ትልበትና በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ማኅደሩ ውስጥ ታስቀምጥለታለች። ከታች፣ ከሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ።

እና ከታች ያለ ነገር በአየር ካልሆነ በምን መንገድ አበባው መደብ ውስጥ ይገባል?

የኩሽናውን ጠረጴዛ ያዘች። እስካሁን የፈራችው ፍርሃት ተነሥቶ ሄደና በቦታው ሌላ መጥቶ ተቀመጠ። የእናቷ ዝምታ። ሻርፑ ውስጥ የተደበቀው ቀኝ እጅ።

«ምን ሆንሽ?» አሉ አክስቷ።

«ምንም።» ሆድ ይፍጀው አለች በልቧ። የምታስበውን አውጥታ ብትናገረው የአባቷ ስም ይጸዳል፤ የሚያጸዳው ውኃ ግን የሚቀዳው ከእናቷ ላይ ነው።

*

አመሻሹ ላይ ሳሎኑ ባዶ ሆነ። ወንበሮቹ ብቻ ግድግዳውን ተደግፈው ቀሩ። ልጅቷ እናቷ ፊት ተንበረከከችና ማኅደሩን ጭኗ ላይ አኖረችላት። ሌላ የምታደርገውን አጥታ ነው።

የእናቷ ቀኝ እጅ ከሻርፑ ወጣ። ማኅደሩን ነካና እሳት እንደነካ ተመለሰ። ዐይኖቻቸው ተገናኙ። እናቷ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ ድምፅ ግን አልወጣትም።

ልጅቷ ፈራች። እናቷን ፈራቻት፤ የምትለውን ፈራች፤ ከዚያም በላይ ያን ስትሰማ እናቷ በእሷ ፊት ላይ የምታነበውን ፈራች። ተነሥታ ደረጃውን ሮጣ ወጣች።

ከዚያ ቀን ወዲህ በረንዳው ላይ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። ወንበሩ እንዳለ ነው። ጋዜጣውም ታጥፎ ወንበሩ ላይ አለ። መደገፊያው ዘንድ ሄዳ ሆዷን አስጠጋችና ወደ ታች አየች። አባቷ ከእሷ ይረዝም ነበር። እሱን ይህ እንጨት ከወገቡ በታች ነው የሚይዘው። እጁን ዘርግቶ ቢያጎነብስ፣ ካለ መነጽሩ ብዥ ያለውን ነገር ለመያዝ አንድ ስንዝር ቢጨምር፣ ሌላ ስንዝር ቢጨምር፣ ደረቱ፣ ራሱ፣ ክንዱ ሁሉ ከግድግዳው ውጪ አየር ላይ ነው።

ያኔ ገባት። እሷም እንደ ጠበቃው ‹ሲ›ን ጥላ ነበር። እሷ፣ የጋሼ ይፈለግ ልጅ፣ ተማሪዎቿን በዚሁ ስሕተት ቀይ የምታሰምር መምህርት፣ መነሻውን ግድግዳው ላይ አድርጋ ዜሮ ብላ አስልታ ነበር። አባቷ የተነሣው ግን ከግድግዳው አልነበረም። እጁ ካለበት ነበር። ከዚያ ጀምራ በዐይኗ ለካችው፤ የቀረው ርቀት ጥቂት ሆነ፣ ፍጥነቱም ምንም ያህል አልሆነ። ማንም ወደፊት አልተራመደም።

«ውረጂ!»

ከግቢው ነው። እናቷ ማኅደሩን ደረቷ ላይ ለጥፋ ቆማ ወደ ላይ ታያለች። ሻርፑ ከትከሻዋ ወድቋል። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ውረጂ ልጄ! ከዚያ ራቂ! በፈጠረሽ ውረጂ!»

ከብዙ ዝምታ በኋላ የወጣ ድምፅ ስለሆነ ሻክሯል። አክስቷ የኩሽናውን በር ከፍተው ብቅ አሉ።

«እማዬ» አለች ልጅቷ መደገፊያውን እንደያዘች። «አንቺ ነሽ የወረወርሽለት?»



«ላምጣልህ አልኩት» አለች እናቷ። «ደረጃውን ልውጣ አልኩት። ‹የለም፣ እስቲ እንደ ድሮው፣ ያቺን አንድ ሥርሽን አሳዪኝ› አለኝ። እምቢ ብለው ምን ነበረበት? ትከሻዬም ያን ቀን ሻል ያለው መሰለኝ። ደግሞ ሐኪም ዘንድ ከሄደ ወዲህ ከልቡ ሲስቅ አላየሁትም ነበር፤ ልቤ ሳሳ።» ክንዷን አየችው፤ የሰው ዕቃ እንደምታይ። «አልደረሰም። አነሰ። እሱ ግን ያለ መነጽር ምን ያያል? የደረሰለት መስሎት እጁን ሰደደ። እየሳቀ ነበር። እየሳቀ ነው የወደቀው።»

እየሳቀ። ልጅቷ ቃሉን ያዘችው። እነዚያን ቀናት ሁሉ ስትፈልገው የነበረው ይህ ነበር፤ አገኘችው፤ ግን ሌላ ሰው ሊጠፋባት ነው።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች እናቷ። «አንቺ እንዳትጠዪኝ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት። ሰው እሱን ሲያማው እየሰማሁ ዝም አልኩ። ዐይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ይመጣብኛል። እወረውራለሁ፤ አይደርስም። እወረውራለሁ፤ አይደርስም።»

አክስቷ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ወደ ውስጥ ገቡ። በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

ልጅቷ አንዲት የተሳሳተች ቃል ብትናገር እናቷ ተመልሳ ወደዚያ ዝምታ እንደምትገባ፣ ሁለተኛም እንደማትወጣ አወቀች። «አንቺ አይደለሽም» ማለት ምን ይረዳል? አናጢውም፣ አክስቷም፣ መንገደኛውም ይሉታል።

«እማዬ፣ ወርውሪልኝ» አለች።

«አብደሻል?»

«አልጎነበስም። ይኸው፣ መደገፊያውን በሁለት እጄ ይዣለሁ። እግሬም መሬት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ። እጄን አልዘረጋም፤ አባዬ ይ...» የለመደችው መሐላ አፏ ውስጥ ተሰበረ። «አልዘረጋም።»

እናቷ ማኅደሩን ከደረቷ አላቀቀች። ከዚያ፣ ልጇን አምና ይሁን ራሷን ለመቅጣት፣ ክንዷን ወደ ኋላ ወስዳ በሚያማት ትከሻዋ ወረወረች።

ማኅደሩ እየተሽከረከረ ወጣ። ልጅቷ ጣቶቿን እንጨቱ ላይ አጥብቃ አየችው። አውቃለች፤ ከእናቷ እጅ ሲወጣ ጀምሮ አይታዋለች፤ ከሥር ምልክቱ ውስጥ ያለችው ቁራጭ ኔጌቲቭ ነች። አይደርስም። እየዘገየ መጣ፤ ከበረንዳው በታች፣ ትንሽ ብቻ በታች፣ ቆም አለ።

ወደቀ። አበባው ውስጥ ገባ።

ልጅቷ ወደ ታች ስታይ መጀመሪያ ያየችው አበባውን አልነበረም። የራሷን ቀኝ እጅ ነበር። ከመደገፊያው ላይ ተነሥቶ፣ ሳታዝዘው፣ እስከ ትከሻዋ ድረስ አየሩ ላይ ተዘርግቷል፤ ጣቶቹ ተከፍተዋል። ተረከዞቿም ከወለሉ ተነሥተዋል። ግራ እጇ ብቻ ነው የያዛት።

 ቀስ ብላ ተረከዞቿን አወረደች። እጇን ግን ወዲያው አልሰበሰበችውም።

«እማዬ» አለች። «እዪው። እጄን እዪው። አልዘረጋም ብዬሽ አልነበር?»

እናቷ አንጋጥጣ የተዘረጋውን እጅ አየች።  ከዚያም ባሏ ከሞተበት ቀን ጀምሮ ያልመጣው ለቅሶ መጣ፤ በድምፅ፣ ጎረቤት በሚሰማው ድምፅ።

ልጅቷ ደረጃውን ወርዳ ግቢው ስትደርስ እናቷ አበባው መደብ ዘንድ ተቀምጣ ነበር። ማኅደሩን ከአፈሩ አንሥታለች። አጠገቧ ተቀመጠች፤ ትከሻ ለትከሻ፣ ያመመውን ትከሻ ሳትጫነው። 

እናቷ እያለቀሰች ማኅደሩን ከፈተች። መነጽሩን አወጣችና ወደ ብርሃኑ አቅንታ አየችው። አፈር አልገባበትም፤ ንጹሕ ነበር። ቢሆንም በአንደኛው ብርጭቆ ላይ እፍ አለችበት፤ በሌላውም እፍ አለችበት፤ በቀሚሷ ጫፍ በቀኝ እጇ ቀስ አድርጋ ወለወለችው።